የቡሽ ወለል ለደሴ ቤት ይሆናል ወይ?

አቻምና ኅዳር ላይ አንዲት እናት የቤታቸውን ወለል እንድመለከትላቸው አስጠሩኝ። ቤታቸው ደሴ ነው፤ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱን ቆርጠው ከተሠሩት ቤቶች አንዱ። በር ላይ ጫማዬን አውልቄ ሳሎን ስገባ ብርዱ በካልሲዬ አልፎ ጉልበቴ ድረስ ወጣ። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ ፊት ያሳያል። እማማ ሁለት ምንጣፍ ደራርበው፣ በላዩ ፍራሽ ጥለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቁጭ ብለዋል። "አየህ ልጄ፣ ቤቱን አሳምረን ሠርተን እኛው መቀመጥ አቃተን" አሉኝ። ከዚያ ከትራሳቸው ሥር አንድ ቡናማ፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ ቀለል ያለ ሰሌዳ አወጡ። ጀርመን ያለችው ልጃቸው የላከችው የቡሽ ወለል ናሙና ነው። "የጠርሙስ ቡሽ ነው አለችኝ። እውነት ይኼ ወለል ይሆናል?"

ይሆናል። ፈረንጆቹ ከመቶ ዓመት በላይ ረግጠውታል። አሜሪካዊው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ፏፏቴ ላይ በሠራው "ፎሊንግዎተር" በተባለው ዝነኛ ቤት የመታጠቢያ ክፍሎቹን ሳይቀር ቡሽ ነው ያለበሳቸው። የእማማ ቤት ግን ሌላ ቤት ነው። ጀርባው ዳገት ተደግፏል፣ በቀን ሦስቴ ቡና ይፈላበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ ይጎዘጎዝበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባልዲ ውሃ ይታጠባል። ስለዚህ መልሴ ረዘም ያለ ነበር። የምተዳደረው በፊኒሺንግ ሥራ ስለሆነ ጥያቄው ከሌሎችም ይመጣብኛል፤ ለእሳቸው ያልኩትን እዚህ ላስፍረው።

መጀመሪያ ብርዱ

ሴራሚኩ ከምንጣፉም ከግድግዳውም የባሰ የቀዘቀዘ ይመስላል። ቴርሞሜትር ብታስቀምጡበት ግን ልዩነት የለውም፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ነው ያደሩት። ጠዋት የበራችሁን የብረት እጀታና የእንጨቱን በር ተራ በተራ ንኩና እዩ። ብረቱ ጣት ይቆርጣል፣ እንጨቱ ዝም ይላል። ብረቱ ከእጃችሁ ሙቀት የሚወስደው በጥድፊያ ስለሆነ ነው። ሴራሚክም እንደዚያው፤ ከእግራችሁ የተቀበለውን ለሲሚንቶው ያቀብላል፣ ሲሚንቶው ለምድሩ። ምድሩ ደግሞ አይጠግብም። ቡሽ ላይ ስትቆሙ የላይኛው ስስ ገጽ ብቻ ከእግራችሁ ጋር ይሞቅና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሙቀት በማሳለፍ ቡሽ የሴራሚክን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

ቡሽ ግን ቤት አያሞቅም። ምድጃ አይደለም። በመስኮቱ ነፋስ የሚገባበት ሳሎን ቡሽ ቢነጠፍበትም ነፋስ ይገባበታል። የሚተርፈው እግርና መቀመጫ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቡናውም፣ ሰላቱም፣ መጅሊሱም፣ የሚድኸው ልጅም ያለው መሬት ላይ ነው። በወንበር ለሚኖር ሰው ቡሽ ትርፍ ምቾት ሊሆን ይችላል፤ መሬት ለሚቀመጥ ሰው ግን ግማሽ ፍራሽ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ኮምቦልቻ ናችሁ፤ እዚያ ከፍታው ከ1,800 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደሴ ላይ የሚሰደበው የሴራሚክ ቅዝቃዜ ኮምቦልቻ ላይ ሚያዝያና ግንቦት ሲመጣ ይመሰገናል፤ ባቲማ ሰው ምንጣፉን ገልጦ ነው የሚተኛበት። የኮምቦልቻ ደንበኛ ለሙቀት ብሎ ቡሽ ሲጠይቀኝ ገንዘብህን ያዝ እለዋለሁ። ፎቅ ላይ የሚኖርና የልጆቹ ሩጫ ከሥር ካለው ጎረቤት ጋር ያጣላው ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቡሽ የእግር ኮቴ ድምፅ ይውጣል።

ቡሽ ምንድን ነው?

ቡሽ የዛፍ ልጥ ነው። ዛፉ የሚበቅለው በምዕራብ ሜዲትራንያን ዙሪያ ነው፤ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ ሞሮኮ፣ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያ። ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የፖርቱጋል ነው። ዛፉ አይቆረጥም። 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው በበጋ፣ በመጥረቢያ፣ ሥጋውን ሳይነኩ ልጡን ይገፉታል፤ ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ይጠብቁታል። የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ በነጭ ቀለም ግንዱ ላይ ይጻፋል። ለጠርሙስ የሚሆን ጥሩ ልጥ የሚገኘው በሦስተኛው ልጫ ነው፤ ማለትም ዛፉ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ። ዛፉ እንዲህ እየተላጠ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ይኖራል።

በ1665 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ጥቃቅን ክፍሎች የተደረደሩበት ሆኖ አገኘው። "ሴል" የሚለውን ስም ያወጣላቸው እሱ ነው፤ ዛሬ በባዮሎጂ ክፍል የምንማረው ቃል ከቡሽ ነው የወጣው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቡሽ ውስጥ 40 ሚሊዮን ያህል እንዲህ ዓይነት የታሸጉ ክፍሎች አሉ፤ ውስጣቸው አየር ነው። ቡሽ የሚቀለው፣ ሙቀት የሚይዘው፣ ሲረግጡት ሰጥ ብሎ የሚመለሰው በእነዚህ ነው። የክፍሎቹ ግድግዳ ደግሞ ሰም መሰል ነገር ስላለው ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። አለዚያ ጠርሙስ ላይ ምን ይሠራል?

ለወለል የሚሆነው ቡሽ በአብዛኛው የጠርሙስ ቡሽ ከተበሳ በኋላ የሚተርፈው ልጥ ነው። ይፈጫል፣ በማጣበቂያ ይታሻል፣ በሙቀትና በጭነት ይጠፈጠፋል፣ በሰሌዳ ይሰነጠቃል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ታዲያ ጠጅ የነካው ነው እንዴ? እኔ እኮ እሰግድበታለሁ!" አይደለም፣ ጠርሙሱ ጋ ሳይደርስ ፋብሪካ ውስጥ የቀረው ነው አልኳቸው። አብሽር አሉኝ፤ ናሙናውን ግን አንዴ አሽትተው ነው የመለሱት።

ሁለቱ ዓይነቶች

ቡሽ ወለል ሲባል ሁለት በጣም የሚለያዩ ዕቃዎች አሉ፤ ሻጭ ለሁለቱም አንድ ስም ስለሚሰጥ ሰው ይሳሳታል።

አንደኛው የሚለጠፈው ነው። እስከ ሥሩ ቡሽ የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በሴራሚክ መጠን የተቆረጠ ሰሌዳ። በኮላ ከሲሚንቶው ጋር ይያዛል፤ ከዚያ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ወይም ከፋብሪካ ተቀብቶ ይመጣል። ጥቅሙ ከወለሉ ጋር አንድ ስለሚሆን አይንኮሻኮሽም፣ ከላይ የፈሰሰ ውሃ በቀላሉ መግቢያ አያገኝም፣ ከዓመታት በኋላ ሲያረጅ በስሱ ተፍቆ እንደገና ይቀባል። ችግሩ የሥሩን ወለል ነውር ሁሉ ማውጣቱ ነው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከሥሩ ብትቀር በዓመቱ እንደ ብጉር ትታያለች።

ሁለተኛው የሚነከሰው ነው፤ ላሚኔት ያነጠፈ ሰው ያውቀዋል። ሳንቃ ነው፣ 10 እና 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ፤ ከላይ ስስ ቡሽ፣ መሐሉ እንደ ኤምዲኤፍ የተጠቀጠቀ የእንጨት ዱቄት፣ ከሥሩ ሌላ ስስ ቡሽ። ኮላ አይፈልግም፤ ሳንቃው ከሳንቃው ጋር ይነካከስና ወለሉ ላይ እንዲሁ ይቀመጣል። ቶሎ ይነጠፋል፣ ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ መሄድም ትችላላችሁ፤ ተከራይ ለሆነ ሰው ከዚህ ሌላ ምርጫ አላይለትም። መሐሉ ያለው የእንጨት ዱቄት ግን ውሃ ከጠጣ ያብጣል፤ ያበጠ አይመለስም። ወጥ ቤት ውስጥ በፍጹም አላነጥፈውም።

ሦስተኛ የሚመስል አለ፤ እሱ ቡሽ አይደለም። የቡሽ ፎቶ የታተመበት ፕላስቲክ ነው፤ ወይም ከላይ ፕላስቲክ ሆኖ ከሥሩ አንዲት ሚሊ ሜትር ቡሽ የተለጠፈበት። መጥፎ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ለወጥ ቤት ይሻላል። በቡሽ ዋጋ ግን አትግዙት። ፊቱን ትታችሁ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ። ጠርዝ አይዋሽም።

ናሙና ካገኛችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። እማማ ቤት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ናሙናውን ከብፌው አንድ እግር ሥር አስገባን፣ ሌላ ቁራጭ ጠርዙን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ አጋደምን። ጠዋት ስመለስ የብፌው እግር ጎድጉዶ ነበር፤ እስከ ማታ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ቀረ። ሳህን ላይ ያደረው አላበጠም፤ ሙሉ ቡሽ ስለሆነ። እንግዲህ እማማ ከእኔ ንግግር ይልቅ ያመኑት ይህን ነው፤ ብፌውም ወደፊት ከሥሩ ሰፋ ያለ ጣውላ እንደሚያስፈልገው ያወቁት ያኔ ነው። ሌላው ቀላል ፈተና ጥፍር ነው፤ ጥጉን በጥፍራችሁ ስትፍቁት እንደ ቆሎ ገለባ የሚፈረፈር ከሆነ ማጣበቂያው ደካማ ነው፣ ተዉት። ካርቶኑ ላይ "ኢ 1" (E1) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ከማጣበቂያው የሚወጣው የፎርማልዴኃይድ ጋዝ በአውሮፓ ልክ የተገደበ ነው ማለት ነው። ካርቶኑን ስትከፍቱ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ካለው ምልክቱን አትመኑት።

ከሥር ያለው

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ቡሽን የሚያበላሸው ውሃ ሁሌ ከላይ የሚፈስ አይደለም። ደሴ ላይ የሚያሳስበኝ ከታች የሚመጣው ነው።

ብዙው ቤታችን ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ነው። የኋላው ግድግዳ አፈር ደግፎ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲከብድ ከጦሳ የወረደው ውሃ አፈሩ ውስጥ ገብቶ በግድግዳውና በመሠረቱ በኩል ወደ ወለሉ ይሳባል። የድሮዎቹ ቤቶች ሲሚንቶ የፈሰሰው በድንጋዩ ላይ እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ ላስቲክ የለም። ሴራሚክ ይህን ሁሉ ችሎ ይኖራል፤ ቢበዛ መጋጠሚያው ይጠቁራል። ቡሽ ግን ከታች እርጥበት ሲያገኘው ኮላው ይለቃል፣ ጠርዙ ይነሳል፣ ሻጋታ ይሸታል።

ከዓመታት በፊት የመጀመሪያ የቡሽ ሥራዬን ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ መኝታ ቤት፣ 12 ካሬ። መጋቢት ላይ ወለሉን ፈተሽኩ፤ ደረቅ ነበር፣ እንደ ጥብስ። ለጠፍኩ፣ ቀባሁ፣ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ነሐሴ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ሄጄ ሳይ ከኋላው ግድግዳ በኩል ሦስት መስመር ሰሌዳ ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆልምሟል። በራሴ ኪሣራ ነቅዬ ሴራሚክ አነጠፍኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ወለል የምፈትሸው በክረምት ብቻ ነው።

ፈተናው ማሽን አይፈልግም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወፍራም ግልጽ ላስቲክ ሲሚንቶው ላይ ታነጥፉና አራቱንም ጎን አየር እንዳያስገባ በስኮች ትለጥፉታላችሁ። አንድ ቀን ከሌሊቱ፣ ቢቻል ሁለት፣ ትተዉታላችሁ። ሴራሚክ ላይ አይሠራም፤ አንድ ሁለት ሰሌዳ ማንሳት ያስፈልጋል። እማማን ከኅዳር እስከ ሐምሌ ጠብቁ ስላቸው "ወለል ልታነጥፍልኝ ነው ወይስ ልታሳድርብኝ?" ብለው ተቆጥተዋል። ሐምሌ ላይ ግን ሦስት ክፍል ውስጥ ላስቲክ አነጠፍን። በማግሥቱ ጠዋት የሳሎኑን ስገልጥ ሲሚንቶው እንደነበረው ግራጫ ነው። የፊት መኝታ ቤቱም እንዲሁ። የኋላው ክፍል ላስቲክ ግን ከሥሩ እንደ አክንባሎ ውስጥ አላቦ ነበር፤ ጠብታው ሳነሳው እጄ ላይ ፈሰሰ፣ ሲሚንቶውም ጠቁሯል። ለዚያ ክፍል ቡሽ አይታሰብም አልኳቸው። መድኃኒቱ ከቤት ውጭ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ ቦይ ቆፍሮ ውሃውን ማዞር፣ ከዚያ በላስቲክ ላይ አዲስ ሲሚንቶ ማፍሰስ። ያ ደግሞ ከቡሹ ራሱ ሊበልጥ የሚችል ወጪ ነው። ላስቲኩ ከላይ በኩል ብቻ ቢረጥብ የአየሩ እርጥበት ስለሆነ አትደንግጡ፤ የሚያስፈራው ከሥር ያለው ነው።

አዲስ ቤት ለሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሲሚንቶ የሠራተኛው እግር ስለቻለው ደረቀ ማለት አይደለም። በሙያው የሚታወቀው ግምት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አራት ወር፣ ያውም በጥሩ አየር። የደሴ ክረምት ጥሩ አየር አይባልም።

ሊሾ ላለው ቤት የማውቀውን ልጨምር። ሊሾ ለቡሽ ጥሩ መሠረት ነው፤ ለዓመታት በቀይ ሰም ሲወለወል ከኖረ ግን ኮላ አይዝም። በሰም ላይ የተለጠፈ ሁሉ ይነሳል፤ ሰሙ ተፍቆ መውጣት አለበት። ወለሉ ቀጥ ማለቱ የሚለካው ደግሞ ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ቱቦላሬ ብረት ወለሉ ላይ አስተኝቶ ከሥሩ ብርሃን በማየት ነው። ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ በማስተካከያ ሲሚንቶ ይሞላል። የሚነከሰውን ዓይነት በነበረው ሴራሚክ ላይ፣ ላስቲክ አንጥፋችሁ፣ እንዲሁ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የበሩ ታች ይፋቅ እንደሆነ ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

ቡናው፣ ቄጠማው፣ ባልዲው

ቡሽ በእሳት ቶሎ አይያያዝም፤ ዛፉም ከሰደድ እሳት ራሱን የሚከላከለው በዚሁ ልጥ ነው። የወደቀ ፍም ግን ቫርኒሹን በልቶ ጥቁር ቀዳዳ ይተዋል። የእማማን ናሙና ሆን ብዬ ፍም ጥዬበት አሳይቻቸዋለሁ፤ በማንኪያ እስካነሳው ድረስ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ጠቆረ። ቡና በቀን ሦስቴ ለሚፈላበት ቤት ይህ የአንድ ቀን አደጋ አይደለም፤ አንድ ቀን መሆኑ የማይቀር ነገር ነው። ምንጣፍ ወይም ትሪ ከሥሩ ይደረግ የሚሉ አሉ፤ ትሪው ራሱ ሥሩ ይግላል፣ ፍሙም ትሪ መርጦ አይወድቅም። እኔ የማደርገው የቡናውን ቦታ ሴራሚክ ማድረግ ነው። ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ ረከቦቱና ምድጃው ሁልጊዜ በሚቀመጡበት፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ሴራሚክ ከነኮላው ከቡሽ ይወፍራል፣ ስለዚህ ያ ቦታ ሲሚንቶው ሲስተካከል ዝቅ ተደርጎ መተው አለበት፤ በኋላ ይታሰባል ካላችሁ ደረጃ ይሆንና የሚያልፍ የሚያገድመው ይደናቀፍበታል። እጣን ማጨሻውም እዚያው ይቀመጣል።

ቄጠማ ሌላው ነው። እርጥብ ሣር ከጠዋት እስከ ማታ ቡሽ ላይ ሲውል ቫርኒሹ በሳሳበት ቦታ ሁሉ እየገባ አረንጓዴ ጥላ ይተዋል። የግድ ከሆነ የቡናው ሴራሚክ ላይ ብቻ ጎዝጉዙ። ለውዱእ የታጠበ እግር የሚጥለው ጠብታ ግን አይጎዳም፤ ጨርቅ ካለፈበት በቂ ነው። የቆመ ውሃ ነው ጠላቱ።

ስለዚህ ባልዲው ይቀራል። ይህን መስማት የሚያሳዝናቸው ደንበኞች አሉኝ፤ ወለል ውሃ ፈስሶበት፣ በኦሞ ተፈትጎ፣ በመጥረጊያ ካልተገፋ የጸዳ አይመስላቸውም። ቡሽ በደረቅ መጥረጊያ ይጠረጋል፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይታበሳል፤ ይኸው ነው። በረኪና አይነካውም። ቤቱን የምታጸዳው ልጅ ይህን ካልተረዳች ቡሹ ሁለት ክረምት አያልፍም፤ ውል ከመያዜ በፊት እሷንም አስጠርቼ የማነጋግረው ለዚህ ነው። ጫማ በር ላይ ማውለቅ ግን እኛ ጋ የቆየ ልማድ ስለሆነ ግማሹ ጥበቃ በነጻ ተገኝቷል፤ ቫርኒሽ የሚበላው በጫማ የሚገባው አሸዋ ነው።

የቀረውን በአጭሩ። ሙቀጫ ቡሽ ላይ አይወቀጥም። የወንበርና የበርጩማ እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ይለጠፋል። ሥሩ ጎማ የሆነ የእግር መጥረጊያ አታድርጉበት፣ ጎማው የማይለቅ ቀለም ይተውበታል። ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ይለወጣል፤ ምንጣፉን አልፎ አልፎ ካላንቀሳቀሳችሁት በዓመቱ የምንጣፍ ቅርጽ ወለሉ ላይ ተስሎ ታገኙታላችሁ። መታጠቢያ ቤት? የራይት ቤት ሲችል የኛ ምነው አይችልም የሚል ይኖራል። የኛ ሻወር መጋረጃም ጠርዝም ሳይኖረው ውሃው ወለሉ ሁሉ ላይ ነው የሚሄደው። ሴራሚክ ይሁን።

ግዢው

ደሴ ሱቅ ገብታችሁ ከመደርደሪያ አንስታችሁ የምትሄዱት ዕቃ አይደለም። ወይ አዲስ አበባ በአስመጪ ይታዘዛል፣ ወይ እንደ እማማ ዘመድ ይልከዋል። እዚህ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ትልቅ ብልጫ አለው፤ ቀላል ነው። ጥሩ የወለል ቡሽ በኪዩቢክ ሜትር 500 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 4 ሚሊ ሜትሩ በካሬ ሁለት ኪሎ ማለት ነው። 4 በ4 የሆነ ክፍል 16 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭና ለብልሽት 10 በመቶ ጨምሩበት፣ 17.6 ይሆናል። ሙሉ ክፍሉ 35 ኪሎ! ያንኑ ክፍል በሴራሚክ ብትሉ ጭነት መኪና ነው። የሚነከሰው ግን መሐሉ እንጨት ስለሆነ ብዙ እጥፍ ይከብዳል።

የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ እዘዙ። የካርቶኑ የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ቀለሙ አይገጥምም። ኮላውና ቫርኒሹም አብሮ ይታዘዝ። የአናጺ ነጭ ኮላ አይሆንም፤ ሁለቱም ፊት ላይ ተቀብቶ ጣት የማይዝ እስኪሆን ተጠብቆ የሚጣበቀው ነው የሚፈለገው። ዋጋ ስታነጻጽሩ የሰሌዳውን ብቻ አትዩ፤ ኮላው፣ ቫርኒሹ፣ የወለል ማስተካከያው፣ የባለሙያው ቀን ተደምሮ ከሴራሚክ እንደሚበልጥ አውቃችሁ ግቡ። እኔ ደሴ ላይ መኝታ ቤትና መሬት የሚቀመጡበት ሳሎን ካልሆነ ወጪውን አላደፋፍርም። ኮሪደር ላይ ቡሽ ማንጠፍ ገንዘብ ማሳየት ነው።

ዕቃው ከመጣ በኋላ ካርቶኑ ተከፍቶ በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይደር፤ የክፍሉን አየር ለምዶ ይውፈር ወይ ይጥበብ። ያነጠፍኩ ዕለት ከሦስት አራት ካርቶን እያቀላቀልኩ ነው የማወጣው፤ አንድ ካርቶን ጨርሼ ሌላ ብጀምር ወለሉ መሐል ላይ የቀለም ድንበር ይወጣል። የሚለጠፈው አንዴ ከነካ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ከግድግዳ ሳይሆን ክፍሉን መሐል ለመሐል በክር ከፍዬ እጀምራለሁ። የሚነከሰው ደግሞ ግድግዳውን መንካት የለበትም፤ ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ይተዋል፣ በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ዞኮሎው ግድግዳ ላይ ይመታል እንጂ ሳንቃው ላይ ከተመታ ወለሉ መተንፈሻ አጥቶ መሐል ላይ ይነፋል።

የእማማን ሳሎንና የፊት መኝታ ቤት ጥቅምት ላይ ጨረስኩ። የኋላው ክፍል ሴራሚኩ እንዳለ ቀረ፤ አሁን የልጅ ልጆቻቸው ብስክሌት ማቆሚያ ነው። ስምንት ሰሌዳ ተርፎ ነበር፤ ለጥገና እንዲሆን ከአልጋቸው ሥር አስቀምጬላቸው ወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ቡና ሲጠሩኝ ጀበናው ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ቡሽ ላይ ተቀምጧል፣ ማቶቱ የለም። "ትኩሱን ይችላል፣ ጀበናው አይንሸራተትም" አሉኝ። ሁለተኛው ክብ ለጎረቤታቸው ተሰጥቷል። የቀሩትን ስድስት ቆጥሬ አልጋው ሥር መለስኳቸው፤ ሦስተኛ ጎረቤት እንዳትመጣ ለልጃቸው ጀርመን ደውዬ ተጨማሪ ካርቶን እንድትልክ ነግሬያታለሁ።